አራቱ ቡለን ለምን ሁለት ሆነ?

ለብረታ ብረት ሥራ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ ስለተቀየሩ የትረስ (ከብረት ዘንጎች የተገጣጠመ ተሸካሚ መዋቅር) መጋጠሚያዎች

የውሉን ዝርዝር ከፋይላችሁ ታገኙታላችሁ፤ አልደግመውም። የፋብሪካ ሥዕሉን ስንፈራረም "ያለ መሐንዲሱ የጽሑፍ ፈቃድ አንድ ቀዳዳ አይቀየርም" ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ቃሉ ከፊርማችሁ በላይ ተጽፏል።

አንግሎቹ (ሁለት ክንፍ ያላቸው የኤል ቅርጽ ብረቶች) ሲመጡ ግን በየጫፉ አራት ቡለን በተሳለበት ሁለት ቀዳዳ ብቻ አገኘሁ። ለምርት ክፍል ኃላፊው ደወልኩ። "አራት ኤም 20ን በሁለት ኤም 24 ተካነው፤ እንዲያውም ይወፍራል፤ ብረቱም ያው ብረት ነው" አሉኝ፤ ቁጥሮቹ የቡለኑ ውፍረት በሚሊ ሜትር ናቸው። ስሌቱን ላስረዳ ስጀምር "እኛ ይህን ስንሠራ እርስዎ ተማሪ ነበሩ" ብለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው። ችግሩ ቡለኑ ሳይሆን አንግሉ ነው። 75 በ75 በ8 ሚሊ ሜትር የሆነው አንግል የተያያዘው በአንድ ክንፉ ብቻ ነው። ኃይሉ ወደ ሌላኛው ክንፍ እንዲዳረስ መጋጠሚያው ርዝመት ያስፈልገዋል። በሥዕሉ ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቡለን 180 ሚሊ ሜትር ነበር፤ እናንተ 70 አደረጋችሁት። ቀዳዳውም ሰፋ። በዚህ ብቻ ኃይል የሚሸከመው የአንግሉ የቁርጥ ገጽ ስፋት በሩብ ገደማ ቀነሰ። የባሰው ደግሞ ከቀዳዳዎቹ እስከ ጫፉ ያለው ብረት ተገንጥሎ የመውጣቱ ጉዳይ ነው። በውሉ በጠቀስነው የአሜሪካ የብረት ዲዛይን ደንብ ሳሰላው፣ በሥዕሉ መሠረት ቢሠራ 239 ኪሎ ኒውተን ይችል ነበር። አሁን የሚችለው 133 ብቻ ነው። የሚመጣበት ኃይል 220 ነው! "ያው ብረት" የተባለው ይህ ነው።

ይህን በጽሑፍ ስልክላችሁ የመጣው መልስ ትዕግሥቴን ጨረሰው፦ "ችግር የለም፣ ዳር ዳሩን በብየዳ እናጠናክረዋለን።" ብየዳ ግትር ነው፤ ቡለን ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ተንሸራትቶ ነው ኃይል የሚይዘው። ስለዚህ ጭነቱ መጀመሪያ በብየዳው ላይ ይወድቃል። ሁለቱን አቅም ዝም ብሎ መደመር አይቻልም። ይህን የብረት ሥራ ድርጅት ሊያውቀው ይገባል።

ሌላም አለ። 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ብረት በሁለቱ ጎኖቹ ብቻ ሲበየድ፣ ሥዕሉ በየጎኑ 150 ሚሊ ሜትር ይላል። የተበየደው 80 ነው፤ ከብረቱ ስፋት እንኳ አነሰ። በስህተት የተበሱ ቀዳዳዎች በብየዳ ተደፍነው ቀለም ተቀብተዋል። የብረቱን የጥራት ሰርተፍኬት ደጋግሜ ጠይቄ እስካሁን አላየሁም። በደወልኩ ቁጥርም የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ሁሉንም ነገር ከሀ ጀምሬ ነው የማስረዳው።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፣ የተቀየሩት አንግሎች በሙሉ በራሳችሁ ወጪ በአዲስ እንዲተኩ ነው። ጥገና አልቀበልም። ሰርተፍኬቱ ከአዲሶቹ ጋር ይምጣ። ብየዳዎቹን ሁሉ እኛ የምንመርጠው ገለልተኛ መርማሪ ያያቸዋል፤ ክፍያውም የእናንተ ነው። የምርት ክፍል ኃላፊውም ስለ ስልኩ ንግግር በጽሑፍ ይቅርታ ይጠይቁ። እስከዚያ ቀሪው ክፍያ እንዳይለቀቅ ለአሠሪው አሳውቄያለሁ። በዚህ ሳምንት የመተኪያ ፕሮግራም በጽሑፍ ካልደረሰኝ ጉዳዩን ለአሠሪው ጠበቃ አስተላልፋለሁ። ከእነዚህ አንግሎች አንዱም ወደ ላይ እንዲወጣ አልፈርምም።

ከሰላምታ ጋር
የፕሮጀክቱ የስትራክቸር መሐንዲስ