የአስተናጋጅ ፈገግታ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። «ሴት ከሳቀችልህ ፈልጋሃለች» የሚለውን ምክር እባካችሁ አምዳችሁ ላይ አታውጡት።

እኔ የካፌ አስተናጋጅ ነኝ። ማኪያቶ ሳቀርብ ፈገግ የምለው ሥራዬ ስለሆነ ነው፤ ፊቴን ካጠቆርኩ ባለቤቱ ይቆጣኛል፣ ቲፕም የለም። ደንበኛው ግን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ስልኩን ጽፎ ይሰጠኛል፣ አልፈልግም ስለው ደግሞ «ታዲያ ለምን ሳቅሽልኝ?» ብሎ ያፈጥብኛል።

ይሄ የእኛ አገር ወንዶች ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ አንቶኒያ አቢ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመችው ጥናት፣ የማይተዋወቁ ወንድና ሴት ተማሪዎች ለ5 ደቂቃ ሲያወሩ ሌሎች ተማሪዎች ተደብቀው እንዲያዩ አደረገች። ሁሉም ያዩት ያንኑ ጨዋታ ነው፤ ወንዶቹ ግን ልጅቷን ሴቶቹ ከገመቱት በላይ ወንድ ለመማረክ የምትሞክር አድርገው አዩዋት። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርቲ ሃዘልተንና ዴቪድ በስ ምክንያቱን ከዝግመተ ለውጥ ጋር አያይዘው አስረዱ፤ ለወንዱ ዕድል ከሚያመልጠው ተሳስቶ ቢሞክር ይቀለዋል ነው ነገሩ። እኛ ሴቶችም ወንዱ የምሩን ሲሆን አለማመን ይቀናናል ይላሉ ተመራማሪዎቹ፤ እሱም እውነት ይመስለኛል።

ይሁን። ግን ለእሱ የቀለለው ስህተት ለእኔ ይከብዳል፤ ማታ ከሥራ ስወጣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ፣ ታክሲ ድረስ የሚሸኘኝ የሥራ ባልደረባ መለመን አለብኝ።

ስለዚህ ወንድሞቼን አንድ ጊዜ በጨዋነት ጠይቁ፣ አልፈልግም ከተባላችሁ ሂሳባችሁን ከፍላችሁ ሂዱ ብላችሁ ጻፉልን።