የኢንሹራንስ ዓረቦኑ ከደመወዙ ጋር ይሂድ፦ ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ
ይድረስ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

አካል ጉዳተኛ ሕፃናትንና ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ እየሄደ በሚረዳ አንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ደመወዝ የምሠራውም፣ በጀት የማዘጋጀውም፣ ኦዲተር ሲመጣ ፋይል ይዤ የምቀርበውም እኔ ነኝ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ባልደረባችን በሰቃ ጨቆርሳ በኩል ወዳለ አንድ ቀበሌ በድርጅቱ ሞተር ስትሄድ ጭቃው አንሸራተታትና ወደቀች። ሞተሩ እግሯ ላይ አረፈ፤ ከጉልበቷ በታች አጥንቷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። የአካባቢው ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው ባጃጅ የሚገኝበት ድረስ አደረሷት። ቦርሳዋ ውስጥ ለአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ የተሠራ የእግር ድጋፍ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ማን እንደሚያደርስላት ነው።

ሞተሩ ኢንሹራንስ ነበረው። እሷ አልነበራትም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ያደርገዋል። የሕክምና ወጪውን ይሸፍናል፤ ሠራተኛው እስኪያገግም ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። ሕጉ ትክክል ነው፤ በጎ አድራጊ ስለሆንን ይቅለልልን አልልም። የእኛ ሠራተኛ አጥንት ከቡና ማበጠሪያ ሠራተኛ አጥንት አይለይም። ነገር ግን የቡና ነጋዴው ከትርፉ ይከፍላል። እኛ ጋ ያለው ብር በሙሉ ስም የወጣለት ነው፤ ለተሽከርካሪ ወንበር የመጣውን ለሕክምና ላዙረው ብል ለጋሹም ኦዲተሩም አይቀበሉኝም። ስለዚህ ደብተር ይዤ ባልደረቦቼን መዋጮ ለመንኩ። የተጎዳ ሰው ልንረዳ ተቋቁመን ለራሳችን ሰው ስንለምን በጣም አፈርኩ። የሚገባትን ጨርሰን የከፈልናት ከወራት በኋላ ነው።

የሠራተኞች ጉዳት ካሳ ኢንሹራንስ እኮ አለ። ዓረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚሰላው በዓመታዊ ደመወዝና በሥራው አደጋ መጠን ነው፤ ቢሮ የሚውለው ትንሽ፣ ሞተር የሚነዳው ከፍ ያለ ይከፈልለታል። ሁለት ጊዜ በጀት ውስጥ አስገብቼው ሁለቱንም ጊዜ “ይህ የአስተዳደር ወጪ ነው” ተብሎ ወጣ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ትንሽ ድርጅት ላይ ያ 20 በመቶ በቤት ኪራይ፣ በኦዲት ክፍያ፣ በጥበቃና በእንደኔ ባሉት ደመወዝ ያልቃል። ጣሪያው ሲነካ መጀመሪያ የሚሰረዘው ዓረቦኑ ነው።

እናንተ እንድታዩልኝ የምፈልገው እዚህ ጋ ነው። አዋጁ ራሱ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የማይገናኘውን ነው። የዚያች ሴት ደመወዝ በፕሮጀክት ወጪ ይመዘገባል። ለዚያው ሥራ፣ በዚያው መንገድ ላይ የሚጠብቃት ኢንሹራንስ በምን አግባብ ወደ አስተዳደር ይዞራል? የሠራተኛው ደመወዝ በተመዘገበበት ዓረቦኑም እንደሚመዘገብ የሚገልጽ አንድ ሰርኩላር ጻፉልን። እጄ ላይ እሱ ካለ ከለጋሽም ከኦዲተርም ጋር ተከራክሬ አስፈቅዳለሁ።

ሌላም አለ። እንደኛ ያሉ ድርጅቶች በየኅብረቶቻቸው በኩል አንድ የጋራ ውል እንዲገቡ ብታበረታቱ፣ ዘጠኝ ሠራተኛ ይዞ ብቻውን ከሚደራደር ይሻላል። በጎ ፈቃደኞቹንም አትርሷቸው። ከእኛ ጋር እኩል ጭቃ ይረግጣሉ፣ አረጋዊ ያነሳሉ፤ ደመወዝ ስለሌላቸው ግን የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አያውቃቸውም። የጋራ ውሉ እነሱንም ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ባልደረባችን ከጥር ወዲህ ሥራ ጀምራለች፤ ዳገት ላይ ግን እግሯን ያማታል። ወደ ዴዶ የሚወጣውን መንገድ አንድ ወጣት ተክቷት በዚያው ሞተር ይሄዳል። የሚቀጥለውን በጀት የማዘጋጀው በሰኔ ነው፤ እስከዚያ እሱም ያለ ኢንሹራንስ ነው የሚነዳው።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ አገር በቀል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ፣ ጅማ