ሰውየው ተመልካች ሳይሆን ጎሚስታ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን ከጎረቤቴ ባለሱቅ ጋር እየተቀባበልን ነው የምናነበው። እሱ ከፊት ይጀምራል፤ እኔ ከኋላ፣ ከስፖርቱ። ባለፈው እትም ስለ ቤልጂየሙ የስፓ 24 ሰዓት የመኪና ውድድር ያወጣችኋትን አጭር ዜና ሳይ ደስ አለኝ። ወደ ታች ስወርድ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። አሸናፊ ተብሎ የተጻፈው የአንድ ሾፌር ስም ብቻ ነው። ከፎቶው ሥር ደግሞ «ተመልካቾች መኪናውን ከበው» ይላል። ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ሄልሜት ደፍተዋል፤ እሳት የማይበላው ቱታ ለብሰዋል፤ አንደኛው ተንበርክኮ ጎማ አቅፏል። ጎማ አቅፎ የሚመለከት ምን ዓይነት ተመልካች ነው? ሰውየው ጎሚስታ ነው። እኔም ጎሚስታ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

በ1983 ዓ.ም. ከአገር ወጥቼ ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ ቤልጂየም፣ ቨርቪየ የምትባል ከተማ ተቀመጥኩ። እዚያ በአንድ ጎማ ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ውድድሩ የሚካሄድበት የስፓ ፍራንኮርሻም መንገድ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ነፋሱ ሲመች የሞተሩ ድምፅ ይመጣል ሲሉ የሰማሁትን ግን እኔ በጆሮዬ አላረጋገጥኩም። ስፓ ራሷ በማዕድን ውኃዋ የታወቀች ናት፤ የእኛን አምቦ አስቡ። በመወዳደሪያው ሥር የሚያልፈው ትንሽ ወንዝም ኦ ሩዥ፣ ቀይ ውኃ ነው የሚባለው፤ ብረት ስላለበት ድንጋዩን ያቀላዋል። ሾፌሮቹ በሙሉ ጉልበት የሚወጡት ዳገት ስሙን ያገኘው ከሱ ነው።

እናንተ ጋዜጠኞች ብታውቁት ደስ የሚላችሁ ነገር አለ። ይህን መንገድ ካሰቡት ሰዎች አንዱ የእናንተው ሙያ ሰው ነበር፤ ዡል ደ ቲየ ይባላል፤ በሊዬዥ ከተማ ይታተም የነበረው «ላ ሜዝ» ጋዜጣ ኃላፊ። ፍራንኮርሻምን፣ ማልሜዲንና ስታቭሎን የሚያገናኙትን የገጠር መንገዶች ይዘው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሦስት ማዕዘን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1921 ሊያደርጉት ላሰቡት የመጀመሪያ የመኪና ውድድር የተመዘገበው ግን አንድ ሰው ብቻ ሆነ! በመኪናው ፋንታ ሞተር ብስክሌት አወዳደሩ። የ24 ሰዓቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1924 ሐምሌ ውስጥ ነው፤ «ለ ማን» የሚባለው የፈረንሳዩ የ24 ሰዓት ውድድር ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። አንሪ ስፕሬንጌልና ሞሪስ ቤኬ ቢኛን በምትባል ባለ ሁለት ሊትር መኪና እየተፈራረቁ አሸነፉ። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜም ሁለት ነበሩ።

አሁን መንገዱ አጥሮ 7 ኪሎ ሜትር ሆኗል። በአንድ መኪና ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሾፌር ይመደባል። አንዱ ሲነዳ ሌላው ይተኛል፤ ቢያንስ ይጋደማል። አየሩ ደህና በሆነ ዓመት አሸናፊው ከ500 ዙር በላይ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው መስጠት ሠርግ የደገሱትን ሁሉ ትቶ ሙሽራውን ብቻ እንደማመስገን ነው።

የጎማውን ነገር ላስረዳ። እኛ አገር ጎማ ሊሾ ሆነ ካልን አለቀለት ማለት ነው። እዚያ አየሩ ደረቅ ሲሆን ሆን ብለው ሊሾ ነው የሚገጥሙት፤ ለመወዳደሪያ ተብሎ የተሠራ፣ ጥርስ የሌለው፣ ሲሞቅ አስፋልቱ ላይ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ። ዝናብ ሲመጣ ጥርስ ያለው ይገባል። ችግሩ መወዳደሪያው ያለበት የአርደን ደን ዝናብ እንደ ክረምታችን አይደለም። ዳገቱ ላይ ይዘንባል፣ ታች ሜዳው ደረቅ ነው። በባለ ጥርሱ የዝናብ ጎማ ደረቅ ላይ ከሄድክ ጎማው ይቃጠላል፤ በሊሾ ዝናብ ውስጥ ከገባህ አጥር ላይ ትለጠፋለህ። ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሲወስኑ ነው የሚያድሩት። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ከበላይ ምድብ የነበሩት ግዙፍ መኪኖች ሲቸገሩ፣ ከበታቹ ምድብ የመጣች ፖርሽ አጠቃላዩን ወሰደች። ኦርቴሊ፣ ሊብና ዱማ ነበሩ ሾፌሮቹ። እዚያው ነበርኩ፤ ጫማዬ ሳምንት ሙሉ አልደረቀም።

ከአጥሩ ኋላ ቆሜ ጎማ ሲቀይሩ ያየሁት የመጀመሪያ ሌሊት አይረሳኝም። መኪናዋ ገብታ ስትቆም አንዱ የአየር ቱቦ ሰካባት፤ ከሆዷ የወጡ ክሪኮች በገዛ ራሷ ብድግ አደረጓት። ቸርኬው መሐል ላይ አንድ ትልቅ ቡሎን ብቻ ነው ያለው። ጥርር አለ፣ ወለቀ፤ ጥርር አለ፣ ገባ። የወጣው ጎማ በእንፋሎት ይጨሳል፤ ልጁም በጓንት እያንከባለለ ወሰደው። እኔ ብሆን በክሪክ ስታገል አንዷን ጎማ እንኳ ሳልጨርስ ነበር መኪናዋ የምትሄደው።

የዚያ የአንድ ቡሎን ነገር ያስፈራኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ገና ለማጅ ሳለሁ የአንድ ላዳ ታክሲ ጎማ ቀይሬ ሁለቱን ቡሎን ብቻ አጥብቄ የቀረውን ረሳሁት። ሾፌሩ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ሲወርድ አንድ ጎማ ቀድሞት ሲያልፍ አየ፤ «የማን ይሆን?» ብሎ ሳቀ አሉ። ላዳዋ በአፍንጫዋ ስትቀመጥ ነው የገባው። ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ወዲህ ቡሎን ሁለት ጊዜ ሳልነካ መኪና ለቅቄ አላውቅም።

ሊጻፍ የሚገባው ሌላ ታሪክ ደግሞ የቀይዋ አሳማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤኤምጂ የተባሉት ጀርመኖች ለሚኒስትር የምትሆን ባለ አራት በር መርሴዲስ 300 ኤስኢኤል ይዘው መጡ፤ ሞተሯ 6.8 ሊትር፣ ክብደቷ ከ1,600 ኪሎ በላይ። ሰው ሳቀ። አሳማ ያሏት በቀይ ቀለሟና በግዙፍነቷ ነው። ሃንስ ሃየርና ክሌመንስ ሺከንታንትስ እየተፈራረቁ ሁለተኛ አስገቧት። አንደኛ የወጣችው ፎርድ ካፕሪ ናት። ያ ሁሉ ክብደት ጎማ ይበላል፣ ያ ሁሉ ሞተር ቤንዚን ይጠጣል፤ ለጎማና ለቤንዚን በገባች ቁጥር ደግሞ ቀላሎቹ ይሄዳሉ። ይህን የሚረዳ ከሾፌር ይልቅ ጎሚስታ ነው። በኋላ ማትራ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛትና ምን ሠራባት መሰላችሁ? የአውሮፕላን ጎማ መሞከሪያ አደረጋት።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት ሐምሌ 24 ቀን 1985 ዓ.ም. ነበር። አለቃዬ ነው የወሰደኝ። ሌሊቱን ቆመን አድረን፣ ጠዋት 15ኛው ሰዓት ላይ ውድድሩ ቆመ። አደጋ ደርሶ መሰለኝ። ለካ የቤልጂየሙ ንጉሥ ቦድዌን ስፔን ውስጥ አርፈው ኖሯል። ያ ሁሉ ጩኸት ጸጥ ሲል ወፍ ይሰማ ነበር። አለቃዬ፣ በሥራ ሰዓት አንድ ቀን ፈገግ ሲል ያላየሁት ሰውዬ፣ ኮፍያውን አውልቆ አለቀሰ። እኔ ምን እንደምል ጠፋኝ። ንጉሣችንን በቮልስዋገን ጭነው ከቤተ መንግሥት ሲያወጧቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እኛ ሰፈር ሕዝቡ ያወራ የነበረው ስለ መኪናዋ ማነስ ነው። ቆሞ በቀረው ውድድር እየመሩ ለነበሩት ለፊቲፓልዲ፣ ለዣሪዬና ለአልዘን ፖርሽ ድሉ ተሰጠ። ሦስት ስም ናቸው፤ ቁጠሩልኝ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። በሚመጣው ዓመት ቦታ ካላችሁ የሾፌሮቹን ስም በሙሉ አውጡ፤ ከተረፈ ደግሞ በስንት ጎማ እንደጨረሱ ጠይቃችሁ ጻፉ። ፎቶውን ቆርጬ ሱቄ ውስጥ፣ ከኮምፕሬሰሩ በላይ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በመቀስ አስቀርቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጎሚስታው አንባቢያችሁ፤ ከአብነት፣ አዲስ አበባ