ሙዙን አትከልክሏቸው፦ ስለ ስኳር ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዳማ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ባለፈው ወር የትምህርት ቤታችን የጤና ክበብ ስለ ስኳር ገለጻ አድርጎ ነበር። ልጆቹ ቤት ገብተው ምን ብለው እንዳወሩ እንጃ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ምሳ ዕቃዎቹ ተለውጠዋል። ሙዝ ጠፋ። ብርቱካን ጠፋ። «ስኳር አለው ስላላችሁ ወተት አቁሜበታለሁ» ብለው በመገናኛ ደብተር ላይ የጻፉልን እናት አሉ። የታሸገ የማንጎ ጁስ ግን እንደ በፊቱ በየቦርሳው ይመጣል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ነገሩ በእርግጥም ያደናግራል፤ ስለዚህ አንዴ ጥርት አድርገን ብንነጋገርበት ይሻላል ብዬ ነው።

ሁሉም ስኳር እኩል አይቆጠርም። በሙዝ፣ በፓፓያ፣ በካሮት፣ በወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ስኳር አለ። እሱን አትቁጠሩት። መቁጠር ያለብን ሰው የጨመረውን ነው፤ ሻይ ላይ በማንኪያ የምናደርገውን፣ ፋብሪካው ለስላሳና ብስኩት ውስጥ የሚከተውን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማርን፣ ሽሮፕንና የፍራፍሬ ጭማቂንም ከዚሁ ጋር ደምሯቸዋል። ብዙ ወላጅ «እንዴት?» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ጭማቂ እኮ ፍራፍሬ ነው!

ፍራፍሬ ነበር ብንል ይሻላል። ብርቱካን ሲበላ ይታኘካል፣ ፋይበሩ ሆድ ይሞላል፣ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። በአንድ ቁጭታ አራት ብርቱካን የሚጨርስ ልጅ ብዙ አላየሁም። የአራት ብርቱካን ጭማቂ ግን በሁለት ጉንጭ ያልቃል፤ ልጁም ቅድም እንደራበው ነው። ጁስ ቤት ሲሆን ደግሞ በዚያ ላይ ስኳር ይጨመርበታል፣ አቮካዶው ላይ ቪምቶ ይፈስበታል። «ስኳር እንዳታደርጉበት» ማለት ነውር አይደለም። ማንጎ በራሱ ጣፋጭ ነው፤ ምን ጎድሎት ነው የምናጣፍጠው?

አዳማ ላይ ሆኖ ስለ ስኳር የሚጽፍ ሰው ሸንኮራን ሊዘል አይችልም። ወንጂ አጠገባችን ነው፤ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ጀምሮ ስንቱ ቤተሰብ በሱ ኖሯል፣ የአንዳንዶቻችሁም እንጀራ ነው። ልጆቹ «ሸንኮራስ ተፈጥሮ አይደለም?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተፈጥሮ ነው፤ ግን ስንበላው ቃጫውን ተፍተን ውሃውን ነው የምንውጠው። ስለዚህ እኔ ከጭማቂ ጋር ነው የምመድበው። አልፎ አልፎ፣ ለደስታ፣ ይብሉ።

ስንት ይበቃል? የዓለም ጤና ድርጅት ከተጨመረ ስኳርና ከጭማቂ የሚገኘው ጉልበት በቀን ከምንመገበው ጠቅላላ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። ይህን ወጥ ቤት ቆሞ ማስላት ለማናችንም አይመችም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ልክ ለቤት ይቀላል፦ ከ2 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም በታች ይሁን። ይህ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው፤ የተቆለለ ሳይሆን ልክ የሆነ ማንኪያ። ከ2 ዓመት በታች ላሉ ደግሞ ጭራሽ አይጨመርላቸው።

አሁን ከቤት እንጀምር። ጠዋት ሻይ በሦስት ማንኪያ፣ ማታ ሻይ በሦስት ማንኪያ። ኮታው አለቀ። ልጁ ገና ከረሜላ አልነካም፤ ዳቦው ላይ ማርማላታ አልተቀባም።

ባለፈው ሳምንት 5ኛ ክፍሎች ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠሩትን ላጫውታችሁ። መምህራቸው የግማሽ ሊትር ለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አቆመች። ጀርባው ላይ በ100 ሚሊ ሊትር 10.6 ግራም ስኳር ይላል። «ይህ ስንት ማንኪያ ይሆናል?» አለች። አንዱ አራት አለ፣ አንዷ ስድስት፤ የመጨረሻው ደፋር ስምንት አለ። ከዚያ ሚዛን ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግተው አንድ ልጅ በሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨምር ጀመር፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቆጥራል። ስምንት ላይ ሲደርሱ ሚዛኑ ገና 32 ግራም ነው። አስር፣ አስራ አንድ... 53 ግራም ለመሙላት አስራ ሦስት ማንኪያ አልፎ ትንሽ ተጨመረበት። ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል!» የሚል ድምፅ ተሰማና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚዛኑ ደህና ነበር።

የታሸገ ጁስም ከዚህ ብዙ አይርቅም። «100 በመቶ ፍራፍሬ» የተባለው እንኳ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 10 ግራም ስኳር ይይዛል።

ማሸጊያ ማንበብን ልመዱ። የተሠራበት ነገር የሚዘረዘረው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው፤ ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ካለ ጣፋጭ ነው እንጂ ምግብ ብላችሁ አትጥሩት። ሱክሮስ፣ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ የበቆሎ ሽሮፕ የሚሉት ሁሉ ስኳር ናቸው። ቡናማ ስኳርም ያው ስኳር ነው። እርጎ ስትገዙ ደግሞ አንድ ዘዴ አለች። ምንም ያልተጨመረበት ወተትና እርጎ በ100 ግራም 5 ግራም አካባቢ የራሱ ስኳር አለው። የእንጆሪ እርጎው 12 የሚል ከሆነ ትርፏ ከየት እንደመጣች ታውቃላችሁ።

ማር መድኃኒት ነው የሚሉ አያቶች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ማር ክቡር ነገር ነው። ሆኖም ከ100 ግራም ማር 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው፤ ስለዚህ ይቆጠራል። አንድ ነገር ግን ከልብ አደራ፦ ቤታችሁ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር እንዳታልሱት። ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

ስለ ጥርስ ትንሽ ልበል። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱም ጥርስን ይበላል። አንድ ጊዜ ከተጎነጩ በኋላ አፍ ወደ ቦታው እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ ጁስ በኮዳ ይዞ ከጠዋት እስከ ቀትር የሚጎነጭ ልጅ ጥርሱ ዕረፍት የለውም። ያንኑ ጁስ በምሳ ሰዓት አንዴ ቢጠጣው ጉዳቱ ይቀንስ ነበር።

«ስኳር ሲበላ ያብዳል» የሚለውን ግን አልደግፍም። ተመራማሪዎች ልጆችን ስኳር ያለውንና የሌለውን ሳያሳውቁ እየሰጡ ፈትሸውት የጠባይ ልዩነት አላገኙም። የልደት ቀን ያለ ልጅ ውሃ ቢጠጣም ይዘላል።

«ዜሮ» የተባሉትን መጠጦች በምትኩ ለመግዛት ያሰባችሁም አላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቆጣጠር ተብሎ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ መጠቀምን አልመከረም። የልጁ ምላስም ከጣፋጭ ጋር እንደተቆራኘ ይቀራል። ሻዩ ላይ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይሻላል። ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሩበት፤ ልጆቹ ሳያውቁት ይለምዱታል።

በሚቀጥለው ሰኞ ሁዳዴ ይገባል፣ ረመዳንም በዚያው ሰሞን ነው። በጾም ወተትና እንቁላል ሲቀሩ ቦታቸውን ጣፋጭ ሻይና ብስኩት እንዳይወስዱት እሰጋለሁ። ቆሎ፣ የተቀቀለ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ ድንች፣ ሙዝ አለልን። በሶም ጥሩ ነው፤ ስኳሩን ቀነስ አድርጉለት እንጂ። የማፍጠሪያው ቴምር እንደ ፍራፍሬ ነው የሚታየው፤ ጥርስ ላይ ስለሚጣበቅ ብቻ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ።

በእኛ በኩል ከአድዋ በዓል ማግስት፣ ከየካቲት 24 ጀምሮ በግቢው ሻይ ቤት ለስላሳና የታሸገ ጁስ አይሸጥም። ኮዳ ውስጥ ውሃ ብቻ ይሁን። ልደት በየቀኑ ማክበር ይቀርና የወሩ ልደተኞች በሙሉ በወሩ የመጨረሻ ዓርብ በአንድ ላይ ይከበርላቸዋል። ኬክ ይኖራል፤ ለስላሳ አይኖርም። ምሳ ዕቃ ከፍተን የልጅ ምግብ አንነጥቅም፣ ልጅንም በጓደኞቹ ፊት አናሳፍርም።

ይህ ደንብ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ልጆች አይመለከትም። ስኳራቸው ሲወርድ ከረሜላ ወይም ጁስ ወዲያው መውሰድ አለባቸው፤ ቦርሳቸው ውስጥ መኖሩ ግድ ነው። ልጃችሁ ይህ ሕመም ካለበትና እስካሁን ካልነገራችሁን እባካችሁ ለእኔ ወይም ለክፍል ኃላፊው ለብቻ ንገሩን።

የፊታችን ቅዳሜ፣ የካቲት 15፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ አለ። ልጃችሁ የሚወደውን የብስኩት ወይም የጁስ ማሸጊያ ባዶውን ይዛችሁ ኑ። የ5ኛ ክፍሏ መምህርት ሚዛኗን ይዛ ትጠብቃችኋለች።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር