ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል ጥገና አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ከሚንቀሳቀሱት የቤት መኪኖችና የጭነት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው እንደሆኑ መንገድ ዳር ለአፍታ የቆመ ሰው ሁሉ ያያል። እነዚህ መኪኖች በቅርቡ ከእጃችን የሚወጡም አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። ዛሬ ኮሮላ ዲኤክስ ወይም አሮጌ ሃይሉክስ ያለው ሰው ያችኑ መኪና እየጠገነ መኖር አለበት፤ ስለዚህ እንዴት እንደምትጠገን መነጋገር የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ በእነዚህ መኪኖች የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ክፍሎች ላይ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ ነው። የተበላሸው ዕቃ በአዲስ አይተካም፤ ተነቅሎ ይጣልና መኪናው ያለ እሱ ይነዳል። ቴርሞስታት፣ ማለትም የሞተሩ ውኃ ወደሚቀዘቅዝበት ራዲያተር የሚያልፍበትን በር እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ፣ ይወጣል፤ የካቢኑ ማሞቂያ ቱቦዎች ተቆርጠው እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ከዚያም ባለመኪናው «ተሠራ» ተብሎ ይሸኛል። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል እላለሁ። ይህን ስል ባለንብረቱን ለከባድ ወጪ መዳረጌ አይደለም፤ አብዛኞቹን ክፍሎች አንድ ጥንቁቅ ሰው በግቢው ውስጥ፣ በካቻቢቴ፣ በፒንሳና በጥቂት የብሎን ቁልፎች ብቻ ሊቀይራቸው ይችላል።

መካኒኮቻችን ቴርሞስታትን የሚያወጡበት ምክንያት ይገባኛል። ዕቃው ሲያረጅ ተዘግቶ ይቀራል፤ ውኃው ወደ ራዲያተሩ ማለፍ ስለሚሳነው ሞተሩ ይፈላል። መንገድ ላይ ለተቸገረ ሹፌር አውጥቶ መጣሉ እፎይታ ይሰጣል። «አገራችን ሞቃት ናት፤ ይህ ዕቃ የተሠራው ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው» የሚለው አባባልም ከጋራዥ ወደ ጋራዥ ሲተላለፍ ኖሯል። አባባሉ ግን ትክክል አይደለም። የቴርሞስታት ሥራ የውጭውን ብርድ መከላከል ሳይሆን ሞተሩ በታቀደለት የሙቀት መጠን እንዲሠራ ማድረግ ነው። በብዙዎቹ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ላይ ያለው ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ እስከዚያ ድረስ ውኃው በሞተሩ ውስጥ ብቻ እየዞረ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርገዋል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ግን በጠዋት ከሂርማታ ተነሥቶ እዚያው ጅማ ውስጥ ቂቶ ፉርዲሳ እስኪደርስ በሚገባ ላይሞቅ ይችላል። ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ያባክናል፤ በደንብ ያልተነነው ነዳጅ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን እያጠበ ያወርዳል፤ ዘይቱም ይቀጥናል፣ ፒስተንና ቀለበቶቹም ያለ ጊዜያቸው ይበላሉ። ነዳጅ በየጊዜው በሚወደድበት በአሁኑ ወቅት ይህ ኪሳራ በየቀኑ የሚከፈል ነው።

ከዚህም የባሰ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በበርካታ ሞተሮች ላይ የሚገጠመው ቴርሞስታት ከሥሩ ሁለተኛ ክብ ክዳን አለው። ዋናው ክዳን ሲከፈት ይህኛው አብሮ ወደታች ይወርድና ውኃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ከሞቀው ውኃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል። እንግዲህ «እንዲቀዘቅዝ» ተብሎ ቴርሞስታቱ የወጣለት መኪና ከጊቤ ድልድይ ወደ ሰኮሩ የሚያስወጣውን ረጅም ዳገት ሲጀምር የሚፈላበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቴርሞስታቱ ደህና መሆኑን ለማወቅ ድስት፣ ውኃና ቴርሞሜትር ይበቃሉ። ዕቃው የድስቱን ሥር እንዳይነካ በክር አንጠልጥሎ ውኃውን ቀስ በቀስ ማሞቅ ነው። 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ትክ ብሎ ያየ ሰው በመሃሉ ያለው ክዳን ከመቀመጫው በወረቀት ውፍረት ያህል ሲላቀቅ ያያል፤ ከዚያ ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። እዚህ ላይ የጅማ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ለዚህ ዓይነቱ ቴርሞስታት የጥገና መመሪያዎች የሚሰጡት መለኪያ በ95 ዲግሪ ላይ 8 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ መከፈት አለበት የሚል ነው። ከተማችን ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በክፍት ድስት ያለ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ምንም ያህል እሳት ቢጨመርበት አይሞቅም። ስለዚህ ውኃው እየተንተከተከ ክዳኑ ከመለኪያው ትንሽ ቢያንስ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በሚገባው ሙቀት መከፈት ከጀመረና ሲቀዘቅዝ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ይሠራል።

መቀየሩም ከባድ አይደለም። ሞተሩ ፍጹም በቀዘቀዘበት ሰዓት በራዲያተሩ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ውኃውን በሳፋ መቀበል፣ የቴርሞስታቱን ቤት የያዙትን ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖች መፍታት፣ አሮጌውን ጋስኬት (ማሸጊያ) ብረቱን ሳይጭሩ ፍቆ ማጥራት ነው። ብሎኖቹ ዝገው እምቢ ካሉ ማስገደድ ተሰብረው እንዲቀሩ ስለሚያደርግ፣ በዋዜማው የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ማጠጣት ይሻላል። አዲሱ ቴርሞስታት ሲገባ በጠርዙ ላይ ያለችው ተንቀሳቃሽ ፒን ወደ ላይ መሆን አለባት፤ የታመቀ አየር የሚወጣው በእሷ በኩል ነውና። ሞላው (ስፕሪንጉ) ያለበት ወገን ወደ ሞተሩ ይዞራል። ብሎኖቹም ተራ በተራ፣ በልኩ ይጠበቃሉ፤ ቤቱ አሉሚኒየም ከሆነ በጉልበት የጠበቀ ብሎን ይሰነጥቀዋል።

ስለ ራዲያተር ክዳን የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ ከሁሉም ርካሹ ክፍል ስለሆነ ይመስለኛል። ይሁንና ለከፍታ አገር ሰው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው። ክዳኑ በውስጡ ባለው ስፕሪንግና ጎማ አማካይነት ውኃውን በግፊት ይይዛል። «0.9» የሚል የግፊት ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን በጅማ ከፍታ ላይ ውኃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ እንዲቆይ ያስችላል። ጎማው ደርቆ የተሰነጠቀ ክዳን ግን ይህን ግፊት ይለቃል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ምንም ሌላ ጉድለት ሳይኖርበት በ94 ዲግሪ ይፈላል። ራዲያተሩን አስበይዶ፣ ፓምፑን ቀይሮ፣ በመጨረሻ በክዳን የዳነ መኪና ከአንድ በላይ አይቻለሁ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ክዳኑ ይታይ፤ ሲቀየርም በራሱ ቁጥር ይቀየር፤ ከፍ ያለ ግፊት የሚይዝ ክዳን ያረጀ ራዲያተር ያፈነዳል።

የራዲያተሩ የላይኛውና የታችኛው የጎማ ቱቦዎች በአውራ ጣት ሲጫኑ ከተሰነጣጠቁ ወይም እንደ ሊጥ ከለሰለሱ ጊዜያቸው አልፏል። አሮጌ ቱቦ አፉ ላይ ተጣብቆ እምቢ ሲል በካቻቢቴ መፈንቀል የራዲያተሩን አንገት ይሰብራል፤ ቱቦው የሚጣል ስለሆነ በስለት በርዝመቱ ሰንጥቆ መላጥ ነው። በአንዳንድ መኪኖች የታችኛው ቱቦ ውስጥ የብረት ስፕሪንግ አለ፤ በፓምፑ ስበት ቱቦው እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ስለሆነ ከአሮጌው ጋር እንዳይጣል። የውኃ ፓምፕ ሲያረጅ ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውኃ ያንጠባጥባል። ያቺን ቀዳዳ በሲሊኮን የሚደፍኑ አሉ፤ ቀዳዳዋ ግን ሆን ተብሎ የተሠራችው ውኃው ወደ ፓምፑ መዞሪያ ኩሽኔታ ገብቶ እንዳያበላሸው ነው። ፓምፑ በፋን ቀበቶ የሚዞር ከሆነ በቤት ይቀየራል፤ በታይሚንግ ቀበቶ የሚዞር ከሆነ ግን ለባለሙያ ይተው።

አሁን ወደ ማሞቂያው ልምጣ። «በጅማ ማን ማሞቂያ ያስፈልገዋል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ጥያቄው የጅማን ክረምት የረሳ ይመስለኛል። በአገራችን ዝናብ ከማይነፈጋቸው ቦታዎች አንዷ የእኛዋ ናት፤ ዝናቡ ሲወርድ መስኮት ይዘጋል፣ የተሳፋሪው ትንፋሽ መስታወቱን ይሸፍነዋል፣ ሹፌሩም በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው በጨርቅ እየጠረገ ከባጃጅ፣ ከእግረኛና ከከብት መካከል ይነዳል። አየር ማቀዝቀዣ በሌለው አሮጌ መኪና ላይ የፊት መስታወትን ጉም የሚያነሣው ከማሞቂያው የሚመጣው ሞቃትና ደረቅ አየር ብቻ ነው። ማሞቂያውን የቆረጠ ሰው የሹፌሩን እይታ ቆርጧል። በተጨማሪም ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ሞተር በዳገት ላይ ሙቀቱ ሲጨምር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነፋሱን ማብራት ከሞተሩ ላይ የተወሰነ ሙቀት ያነሣል፤ በዚህ ዘዴ ብዙ ሹፌር ከከፋ ጉዳት ድኗል።

ማሞቂያው የማይሠራ ሁሉ የተበላሸም አይደለም። ብዙ ጊዜ የውኃው መክፈቻ በዝገት ተይዞ ወይም ገመዱ ወልቆ ይገኛል። አለዚያም ዝቃጭ ደፍኖት ይሆናል፤ ሁለቱን ቱቦዎች ከሞተሩ በኩል ፈትቶ የግቢ ውኃ በቀስታ በአንዱ፣ ቀጥሎም በሌላው በኩል ማሳለፍ ያጸዳዋል። የውኃው ቀለም ከቡና አተላ ወደ ንጹሕ እስኪለወጥ ድረስ መታገሥ ነው። በተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ከራሰ፣ መስታወቱ ላይ ቅባት የመሰለ ሽፋን ከመጣ፣ ካቢኑም ጣፋጭ ሽታ ከሸተተ ግን ማሞቂያው ራሱ ተበስቶ ያፈስሳልና መተካት አለበት። በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች ከክሩስኮቱ (ከዳሽቦርዱ) ሥር ገብቶ ሳጥኑን በመፍታት ይወጣል፤ በሌሎቹ ክሩስኮቱ ራሱ መነሣት ስላለበት ሥራው ቀን ይፈጃል። ቀን ቢፈጅም ከመቁረጥ ይሻላል።

ውኃን በተመለከተ፣ በጅማ ውኃ በረዶ ስለማይሆን ከራዲያተር ውኃ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ፣ ኩላንት፣ አያስፈልግም የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሞተር ጎድቷል። ኩላንት ከበረዶ መከላከል ብቻ ሳይሆን ዝገትን ይከለክላል፤ የቧንቧ ወይም የምንጭ ውኃ ብቻ ሲሞላ የውስጡን ብረት ያዝገዋል፣ በሙቀትም ማዕድኑ እየተለየ የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይደፍናል። ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል ለእኩል መደባለቅ ይበቃል። ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ የሚገዛ ሰው ግን አሲድ አለመሆኑን ከጠርሙሱ ላይ ያረጋግጥ። ከሞላ በኋላ መኪናው አፍንጫው ወደ ዳገት ዞሮ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ፣ ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይሠራ፤ አየሩ እየወጣ ውኃው ሲጎድል ይጨመርበታል።

በቤት የሚሠራ ሰው ሦስት ነገር እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በጭራሽ አይከፈትም፤ የሚፈነጥረው እንፋሎት ፊትና ዓይን ያቃጥላል። በኤሌክትሪክ የሚዞር ፋን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሣ ስለሚችል የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ይፈታ። የፈሰሰውም ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ሕፃናትና እንስሳት ከማይደርሱበት በክዳን ታሽጎ ይቀመጥ እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ፤ ከቦያችን የሚወርደው ሁሉ መድረሻው አዌቱ ወንዝ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ ወይም የሞተሩ ዘይት ወተት ከመሰለ ነገሩ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት መበላሸት ነውና በግቢ የሚሠራ አይደለም።

ለመለዋወጫ ነጋዴዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ቴርሞስታትና ክዳን ሲያስመጡ ቁጥሩ የተጻፈበትን ያምጡ፤ ደንበኛውንም «የየትኛው ሞተር ነው?» ብለው ይጠይቁ። በከተማችን ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለመኪና ባለቤቶች በቅዳሜ ቀን አጭር ሥልጠና ቢሰጡ ሰልጣኝ እንደማያጡ አምናለሁ። እናንተም ባለሙያዎችን አነጋግራችሁ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ፣ በሥዕል የተደገፈ፣ ዝናቡ ሳይጠና ብታወጡልን፣ ጋዜጣውን ቆርጦ በመኪናው ኪስ የሚያስቀምጥ አንባቢ ብዙ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ ከጅማ