ዕቃው ደጅ ይደር

ይድረስ ለልጄ፤ ጎንደር።

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ወገቤ ትንሽ ለቀቅ አድርጎኛል። አክስትህ ፍልሰታ ነው ሳትል ሱፉንም ተልባውንም እያቀረበች ታጠግበኛለች። ደባርቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል እንጂ ሰዉ ጥሩ ነው።

ትናንት እናትህ ደውላ "ልጅህ ማዳበሪያህን ተሸክሞ ወጣ" አለችኝ። ሳቅሁም፣ ደነገጥሁም። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ቤቱን ልደግፍ ብለህ ነው አሉ። ተባረክ። "ቁራሌው!" እያሉ መዞር የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፤ አንተን ያሳደግሁት በእሱ ነው። ስለ ሚዛንና ስለ ዋጋ አልነግርህም። እሱን ሦስት ቀን ተታለህ በራስህ ትማረዋለህ።

ግን እናትህ ስልኩን ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ጣል አደረገች። ከማራኪ በኩል ተከራይ የጣለው የስፖንጅ ፍራሽ አግኝተህ፣ ዝናብ እንዳይመታው ብለህ ማታ ቤት አስገብተሃል። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርሁ። ደግሜ ብደውል ኔትወርክ እምቢ አለ። ስለዚህ ይህን ጽፌ በሚኒባስ ሹፌሩ ልኬልሃለሁ።

አንብበህ ሳትጨርስ ፍራሹን አውጣው። ዝናብ ይምታው። አሁን ተነስ፣ ቀሪውን ስትመለስ ታነበዋለህ።

አወጣኸው? እሺ።

የሦስት ዓመት ልጅ እያለህ ነው። አራዳ አካባቢ አንድ ቤት ለቀው የሚሄዱ ሰዎች ሶፋ ሰጡኝ። በነፃ! ጨርቁ ትንሽ ተቀዷል እንጂ አዲስ ነበር። በጋሪ ጭኜ ሳመጣው እናትህ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔም አዲስ ሶፋ የሚገዛ ሰው የሆንሁ መሰለኝና ለሁለት ሳምንት ጌታ ሆኜ ተቀመጥሁበት።

ከዚያ ክንድህ ላይ ቀያይ እብጠት ወጣ። በመስመር የተደረደረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እናትህ ቢንቢ ነው አለች። እኔ የሙቀት ሽፍታ ነው አልሁ። አንድ ሌሊት መብራት አብርተን ብናይ አያትህ ለሠርጋችን የሰጠችን ጠፍር አልጋ ላይ አገኘናቸው። ጠፍሩ የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ሞልቷል። ትኋን።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርሁት የለም። በየቅዳሜው ውሃ አፍልተን ቀዳዳ ለቀዳዳ እናፈስሳለን። ይቀንሳሉ፣ ይመለሳሉ። አንዴ ሰው መከረኝና አልጋውን በላምባ አጠብሁት። ኩራዙ አጠገቤ መሆኑን ረስቼ። መጋረጃው ተያያዘ። እናትህ እርጥብ ጋቢ ጣል ባታደርግበት ኖሮ ቤቱ አብሮ ይሄድ ነበር። መጨረሻ ላይ ጠፍሩን ቆራርጠን ደጅ አቃጠልነው፤ ሶፋውንም እንዲሁ። የአልጋው እንጨት ብቻ ተረፈ።

ንክሻው ያልፋል። ያላለፈው ሌላ ነው። ጎረቤቶች ሰሙ። ቡና ስንጠራ "ዛሬ እንግዳ አለብን" ማለት ጀመሩ። አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩም፤ ብቻ አልመጡም። እናትህ አልወቀሰችኝም። ግን እስከ ዛሬ ሰው ቤት ስትሄድ ሶፋ ላይ የምትቀመጠው ጫፉ ላይ ነው። አይተሃት ይሆናል። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ትኋን ክንፍ የለውም። እንደ ቁንጫም አይዘልም። በራሱ እግር ከአራዳ ተነስቶ እኛ ቤት አይደርስም። የሚመጣው ተሸክመነው ነው። ትልቁ ተልባ ያክላል፤ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ (ተልባ እየጠጡ ይህን መጻፍ ደስ አይልም)። እንቁላሉ ነጭ ነው፣ ከጤፍ ብዙም አይበልጥም። አንዲቷ ሴት በዕድሜዋ በመቶ የሚቆጠር ትጥላለች። ቀን ላይ ራሱን ባታየውም ምልክቱን ታያለህ። የፍራሹ ስፌት ዙሪያ በእስክሪብቶ ነካ ነካ የተደረገ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ካለ እሱ ነው። የሞባይልህን መብራት አብራ። ያለቀ የሞባይል ካርድ ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ በእሱ የእንጨቱን ስንጥቅ፣ የምስማሩን ቀዳዳ፣ የጠርዙን እጥፋት ጫር ጫር አድርግ።

"ደጅ ለሁለት ሳምንት ላቆየውና በረሃብ ይሙት" እንዳትል። እኔም ብዬ ነበር። ትኋን ሳይበላ ወራት ይቆያል፤ እንደ ጎንደር ባለ ቀዝቀዝ ያለ አገር ደግሞ ይብስበታል፣ ምክንያቱም ብርድ ሲሆን ሰውነቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። አክስትህ "ደባርቅ ብታመጣው በብርዱ ያልቅ ነበር" ትለኛለች። አያልቅም። በብርድ ለመግደል ዜሮን አልፎ 18 ዲግሪ የወረደ በረዶ ውስጥ ቀናት ማስቀመጥ ይፈልጋል። እንኳን ደባርቅ፣ ዳሽን ተራራም አይበቃው። የሚፈራው ሙቀት ነው። ከ50 ዲግሪ በላይ ካገኘው ትልቁም እንቁላሉም አይተርፍም። ለእንጨትና ለብረት የፈላ ውሃ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ግን ውሃው የነካውን ብቻ ነው የሚገድለው። አንድ ስንጥቅ ከተረፈችህ እንደገና ትጀምራለህ። ፍራሽና ሶፋ ግን ውስጡ ድረስ ሙቀት አይገባም። የበጋ ፀሐይ እንኳ ላዩን ነው የሚያግለው። ስለዚህ ስፖንጅ ያለበት ነገር አታምጣ። በነፃ ቢሰጡህም፣ ከፍለው ቢሰጡህም።

የቀረውን ሁሉ ደጅ አሳድር። ከግንቡ ጥግ ያለው የቆርቆሮ ዳስ ለዚህ ነው የተሠራው። ብረት ይሁን፣ ጀሪካን ይሁን፣ ሃይላንድ ይሁን፣ አንድም ነገር ሳይፈተሽ ከዚያ አልፎ ቤት አይግባ። አንተም ብትሆን። ስትመለስ ሱሪህንና ሸሚዝህን ዳሱ ጋ አውልቀህ ሚስማሩ ላይ ስቀል። እህትህ ሮጣ ልታቅፍህ ስትመጣ ጠብቂ በላት። ታለቅሳለች። ታልቅስ።

በልዋጭ የሚመጣ ልብስ ላይ ከሁሉም በላይ ተጠንቀቅ። ትኋን ቢያሳክክህ ነው፤ በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልታወቀም። የልብስ ቅማል ግን ተስቦ ያመጣል፣ ደግሞ ያ ቀናት ለቆ እያገረሸ የሚመለሰውን ትኩሳት። የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች ያስረዳችኝ። ቅማሉ የሚኖረው ስፌት ውስጥ ነው፤ ብብት፣ አንገትጌ፣ ቀበቶ የሚገባበት። ሰው ካላገኘ ከሳምንት ብዙም አይቆይም። ስለዚህ ልብሱን በፌስታል አጥብቀህ እሰርና ሁለት ሳምንት ዳሱ ውስጥ አስቀምጠው፤ እንቁላሉም እስኪያልቅለት። ከዚያ በፈላ ውሃ፣ ቀጥሎ የከሰል ካውያውን ስፌቱ ላይ ጫን አድርገህ። ካገኘህም በጥፍርህ አትጨፍልቀው። እኛ ልጅ ሆነን እንደ ጨዋታ ነበር የምናደርገው። ለካ በሽታው የሚገባው ሲፈርጥ በጫርነው ቆዳ በኩል ነው።

ቁንጫ ያስቃል እንጂ አያስፈራም። ሰው ለቆት የከረመ ቤት ገብተህ ምንጣፍ ስታነሳ፣ ባዶ ነው ካልኸው ወለል በመቶ ተነስቶ እግርህ ላይ ይዘላል። ራሱ በሠራው ሽፋን ውስጥ ተኝቶ ወራት ይጠብቃል። የእግርህ ንቅናቄ ነው የሚቀሰቅሰው። የሱሪህን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተት፤ ማንም አያይህም።

ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የፍሪጅ ሞተር ካገኘህ በረሮ አለ ብለህ ጀምር። ሙቀት ይወዳል። የትንሿ ቡናማ በረሮ አንዷ የእንቁላል ከረጢት ከ30 እስከ 40 እንቁላል ትይዛለች፤ ስለዚህ "ሁለት ብቻ ናት ያየሁት" አይባልም። እዚህ ላይ ውሃ እንዳታፈስስ። ደጅ አውጥተህ የኋላውን ሽፋን ፍታ፣ ነካ ነካ አድርገህ አራግፍ፣ በአሮጌ ብሩሽ ጥረግ፣ ከረጢቱን ሰብስበህ አቃጥል።

አሁን ክረምት ነውና ጎማውንና ጣሳውን አትርሳ። ውሃ ያቆረ ጎማ ማለት የትንኝ ማርቢያ ነው። ሙቀት ካገኘ ከእንቁላል እስከ በራሪ 10 ቀን ገደማ ነው የሚፈጅበት። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ድፋው። ጎማ ተደፍቶም ውሃ ይይዛል፤ በምስማር ብሳው። ሬዲዮ እንደሰማሁት ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ የተገኘች አዲስ የወባ ትንኝ አለች። እንደ ድሮዋ ረግረግ አትፈልግም፤ የከተማ በርሜልና ታንከር ይበቃታል። የእኛ ዳስ እንዲመቻት አልፈልግም።

ቆርቆሮ ስታነሳ መጀመሪያ በእንጨት ገልብጥ፣ ከዚያ እጅህን ስደድ። ከሥሩ ጊንጥ ይተኛል። ቱቦና ባዶ ጣሳ ከሆነ ጆሮህን አስጠግተህ አድምጥ፤ ተርብ ወይም ንብ ካለ ይሰማሃል። ንብ ካገኘህ ተዋት። ባለ ቀፎ ሰው ፈልግ፣ ይወስዳታል። ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የተረፈችው የንብ መንጋ ወጥቶ ነው ይባላል። አያትህ ይህን ሳትነግረኝ ንብ ስገድል አይታኝ አታውቅም፤ በኩርኩም ነበር የነገረችኝ።

ስለ መድኃኒት። ገበያ ሄደህ ስለ ትኋን ብትጠይቅ ማላታይን ይሰጡሃል፣ ለነቀዝ የሚሸጠውንም እንክብል ይሰጡሃል። ማላታይኑ ለእህል ነው እንጂ ለአልጋ አይደለም። እንክብሉን ግን በእጅህ እንዳትነካው። እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይለቃል። በሰው መኝታ ቤት ከተቀመጠ ትኋኑን ሳይሆን ባለቤቱን ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። እኔ ራሴ ያኔ ገዝቼ ኪሴ አስገብቼው ነበር። እናትህ ናት ከኪሴ አውጥታ "ልጁ የት ሊተኛ ነው?" ያለችኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሰው ቤት ጠርተውህ ስትገባ፣ አልጋቸው ላይ ያንን ጥቁር ነጥብ ብታይ ፊትህን አታኮሳትር። "ትኋን አለባችሁ" ብለህ ደጅ ላይ አትናገር። ትኋን ሀብታም ድሃ፣ ንጹሕ ቆሻሻ አይመርጥም፤ እናትህ ቤቷን በቀን ሁለቴ ነው የምትጠርገው። ብረቱን ግዛ፣ ፍራሹን "ዛሬ ጋሪ የለኝም" በል። የቤቱን እመቤት ብቻዋን ካገኘሃት ድምፅህን ዝቅ አድርገህ የፈላ ውሃውን ነገር ንገራት። እኛን ያኔ እንዲያ የነገረን አልነበረም።

ጓንቴ ከዳሱ ጣሪያ ሥር ባለው ቋት ውስጥ ነው፤ የግራው አውራ ጣት ተቀዷል፣ እናትህ ትስፋልህ። ለቡሄ ሙልሙል አስቀምጡልኝ ብዬ ነበር፣ አልደርስም፤ እህትህ ትብላልኝ። ዶክተሩ ለመስከረም መጀመሪያ ትሄዳለህ ብሎኛል።

ደግሞ ከዳሱ በስተጀርባ ባለችው የዛገች በርሜል ውስጥ ተርብ ጎጆ ሠርቷል። ለኪሎ ብለህ እንዳትነካት። እኔ ስመጣ አብረን እናያታለን።

አባትህ
ነሐሴ፣ ደባርቅ