የተዘጋ ሣር

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ውርጩ ግን ቀድሞ ገብቶ ባቄላውን እንዳይመታብን እየሰጋን ነው።

እሑድ ስደውልልሽ «አባዬ ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለሽ ዘጋሽው። አልተቀየምኩም። (እሑድ የሚሰበሰብ መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አንድ ቀን ታስረጂኛለሽ።) የከበደኝ ማታ ያልሽኝ ነው፤ «ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩ ቆየሁ፣ ጸሎቱም ቀርቷል፤ ማስተርሱን ልጨርስና እመለሳለሁ።»

እኔም ብዬው ነበር። አንቺ ሳትወለጂ በግ ስነግድ፣ አንድ ዓመት ለፋሲካ ሃያ ስምንት በግ በአይሱዙ ጭኜ አዲስ አበባ ገባሁ። ቅዳሜ እስኪመሽ ሸጥኩ። ሁዳዴን ሙሉ የጾምኩ ሰው፣ ሌሊት ደወሉ ሲደወል መኪናው ሥር ባና ተከናንቤ ብር እቆጥር ነበር። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ሦስቴም ሌላ ሆነ። ቀና ስል ሕዝቡ ጧፉን አጥፍቶ ወደየቤቱ ይገባል። ትርፉ ደኅና ነበር፤ የቤታችንን የጓሳ ሣር ክዳን አንሥቼ ቆርቆሮ የመታሁት በእሱ ነው። ጾሙን የት እንደፈታሁት ግን ለእናትሽ እስከ ዛሬ በደንብ አልነገርኳትም።

ጓሳ ካልኩ አይቀር፣ ዛሬ ፈረንጁ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያይ የሚመላለስበትን የጓሳን ሜዳ፣ ድሮ የአገራችን የመንዝ ቀደምት አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። ከብት አይገባበት፣ ማጭድ አያርፍበት። ሣር ተርፏቸው እንዳይመስልሽ፤ ቤቱ የሚከደነው፣ ገመዱ የሚገመደው በእሱው ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰና ያገኘ ሁሉ ገባበት፤ ሣሩም ሳሳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ተማክሮ ነው ጠባቂ ያቆመለት።

ያንቺም ቀን ያገኘ ሁሉ የሚገባበት ሆነ መሰለኝ። ሥራሽን ተዪ አልልም፤ ላንቺ ትምህርት ስንት በግ ሸጫለሁ። ጠዋት ስልኩን ሳታነሺ ያለችውን ሩብ ሰዓት ብቻ ዝጊልኝ። አቡነ ዘበሰማያትም ብቻ ቢሆን ቆመሽ በይ። እናትሽ ሱፍ ስትፈትል አይተሻት የለ? ከንፈሯ አያርፍም። ክሩ ሲበጠስባት ጣቷን በምራቋ አርሳ ትቀጥለዋለች እንጂ ጸሎቱን አታቋርጥም። ጽጌም ኅዳር 5 ሳይፈጸም አንድ ሌሊት እንኳ ማኅሌት ቁሚ፤ ነጠላሽ ሳጥን ውስጥ ብል ይበላዋል።

በፈተለችው ሱፍ የተሠራው ባና ደርሷል። ሐሙስ በሚመጣው አውቶብስ ከገብስ ቆሎ ጋር እንልክልሻለን። መናኸሪያ በሰዓቱ ድረሺ፤ እንደ አምናው ረዳቱ ይዞት እንዳይመለስ።

አባትሽ